የዘገየ ሰው ጊዜ

እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ «ፓስት ፐርፌክት ኮንቲኒዩስ» ተራው የሚደርሰው ሌሎቹ ጊዜያት ካለቁ በኋላ ነው። ሰሌዳው ላይ «ሃድ ቢን» ይጻፋል፤ ግሱ ላይ «ኢንግ» ይቀጠላል፤ ባዶ ቦታ የሚሞላ መልመጃ ይሰጥና ይታለፋል። ቀመሩ አያስቸግርም። መቼ እንደሚያስፈልግ ማወቁ ነው የሚከብደው።

ሰው ቤቱ ሲገባ የእህቱ ዓይን ቀልቶ ያገኘዋል እንበል። ስታለቅስ አላየም። እንግሊዝ ይህን ሲተርክ «ሺ ሃድ ቢን ክራዪንግ» ይላል። መንገዱ ረጥቦ ከጠበቀውም፣ ስላላየው ዝናብ የሚያወራው በዚሁ ነው። ሌላም አገልግሎት አለው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ይኼኛው ነው፦ ዘግይቶ የደረሰ ሰው፣ ዱካ እንደሚያነብ አዳኝ፣ ያልነበረበትን ሰዓት መልሶ ያገኘዋል።

ፍጻሜ ግን አይጠየቅም። «ሃድ ሪትን» ያለ ሰው ሦስት ደብዳቤ ጽፎ እንደነበር ሊቆጥርልን ይችላል። «ሃድ ቢን ራይቲንግ» ካለ ጠዋቱን ሙሉ ሲጽፍ ቆይቷል፤ ይጨርስ አይጨርስ አይታወቅም። «ሦስት ደብዳቤ» ብለን ብንጨምርበት ዓረፍተ ነገሩ ይሻክራል። ልፋቱን ይመዘግባል፣ ውጤቱን ለሌላ ይተዋል።

ከግሶች ሁሉ የሚስማማው መጠበቅ ይመስለኛል። ቾሰር በ14ኛው ክፍለ ዘመን በጻፋቸው የካንተርበሪ ተረቶች ውስጥ፣ የባሎቻቸውን ሬሳ እንዳይቀብሩ የተከለከሉ መበለቶች አሉ። መስፍኑን ቴሴዎስን ቤተ መቅደስ ውስጥ ሲጠብቁት ሁለት ሳምንት እንደሆናቸው ራሳቸው ይነግሩታል፤ የሚነግሩትም በ«ሃድ» ሳይሆን በ«ሃቭ ቢን» ነው። ለምን ቢባል፣ ገና እየጠበቁ ነው። ያንኑ ጥበቃ ወደ «ሃድ ቢን» የሚያሻግረው በኋላ የሚተርክ ሰው ነው። ጠባቂ ጥበቃው ውስጥ ሳለ ይህን ጊዜ ሊጠቀምበት አይችልም። መጀመሪያ አንድ ነገር መድረስ አለበት፦ የሚጠበቀው ሰው፣ ወይም መርዶ፣ ወይም መሰልቸት። ስንት ሰዓት እንደተጠበቀ የሚለካው ከዚያ ወደ ኋላ ነው።

አማርኛም «ስትጠብቀው ቆይታ ነበር» ስለሚል ሐሳቡ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ተማሪዎቻችንን የሚያደናቅፋቸው ሌላ ነው፦ ማወቅ፣ ማመን፣ መውደድ «ኢንግ»ን አይወዱም። ለአሥር ዓመት ያወቁት ሰው እንኳ «ሃድ ኖውን» ነው። የሰዋስው ሊቃውንት እነዚህ ሁኔታ እንጂ ድርጊት አይደሉም ይላሉ። ደንቡን አከብራለሁ፤ ምክንያቱ ግን አይዋጥልኝም። የመጠበቅን ድካም እንዲህ አሳምሮ የሚመዘግብ ቋንቋ፣ ሰውን ለዓመታት መውደድን እንዴት ከሥራ አይቆጥረውም? አብሮ መኖር ይፈቀዳል፤ «ሃድ ቢን ሊቪንግ» ማንም ይላል። እነዚያው ሰዎች ሲዋደዱ ስለኖሩበት ዘመን ግን መጽሐፉ የሚፈቅደው «ሃድ ላቭድ»ን ብቻ ነው።