የዛለ ልብ ኢማን የጎደለው ነውን?



ዛሬ የማነሳው ጥያቄ በየቤቱ በሹክሹክታ የሚነገር እንጂ በአደባባይ ብዙ የማይሰማ ነው። ይኸውም፦ አንድ ሙስሊም በሥራና በኃላፊነት ብዛት ልቡ ዝሎ፣ የሚወደውን ሥራ እስከ መጥላት ቢደርስ፣ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ሄዶ ምክር መጠየቁ ከተወኩል ጋር ይጋጫልን? የሚል ነው።

አስቀድመን ነገሩን በስሙ እንጥራው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባው ይህን ዝለት በሦስት ምልክቶች ገልጾታል። እነርሱም የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም ሥራውን ማጥላላት፣ እንዲሁም የሥራ ፍሬ መቀነስ ናቸው። ድርጅቱ በሽታ ነው አላለም፤ በሥራ ቦታ ያለ ውጥረት በአግባቡ ሳይያዝ ሲቀር የሚመጣ ነው አለ እንጂ። ይህን ልብ እንበል፤ ምክንያቱን በሰውዬው ውስጥ ብቻ አልፈለገምና።

እኛ ግን እዚያው ብቻ እንፈልጋለን። በጋሞ ደጋ በጥንቱ ልማድ አንድ ሰው ሲታመም ወይም ኑሮው ሲጠምበት «ምን ጎሜ ነክቶ ይሆን?» ይባላል። ጎሜ የተከለከለውን መተላለፍ ነው። እኛ ሙስሊሞች ይህን ልማድ ትተነዋል እንላለን። ነገር ግን የደከመ ወንድማችንን «ሶላትህን ብታሳምር ኖሮ እንዲህ ባልሆንክ» ስንለው፣ ቃሉ ተለወጠ እንጂ ጥያቄው ያው ነው። በሁለቱም መንገድ ታማሚው ተከሳሽ ይሆናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ተከሳሽ የሆነ ሰው ደግሞ ከመደበቅ በቀር ምን ምርጫ አለው?

እኔ በአርባ ምንጭ መምህር ነኝ። ቀንም ማታም አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ልጆች አቀራ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የተማሪ ደብተር መግለጥ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገቱን በእግር ከመውጣት ይልቅ ከበደኝ። ሌሊቱ እንቅልፍ፣ ቀኑ ደስታ አጣ። ሶላቴንም ዱዓዬንም አላቋረጥኩም፤ ድካሙ ግን አልለቀቀኝም። ከዚያ አንድ ባለሙያ ዘንድ ለወራት በየሳምንቱ ተመላለስኩ። ሌላ ሃይማኖት አልሰበከኝም። የቀን ውሎዬን በወረቀት አስጻፈኝ፤ የትኛው ሥራ የኔ ብቻ እንደሆነ፣ የትኛውን ሌላ ሰው ሊይዘው እንደሚችል እየጠየቀ አስለየኝ፤ የመኝታ ሰዓቴን አስተካከልን። ከሁሉ በላይ ሳይፈርድ አዳመጠኝ። ቀስ በቀስ፣ በአላህ ፈቃድ፣ ልቤ ተመለሰ።

ይህ ለዲናችን እንግዳ ነገር ነውን? ቡኻሪ እንደዘገቡት ሰልማን (ረ.ዐ.) ወንድማቸው አቡ ደርዳእ ቀን በጾም ሌሊት በሶላት ራሳቸውንና ቤተሰባቸውን እንደዘነጉ ባዩ ጊዜ አስቆሟቸው፤ ለጌታም፣ ለነፍስም፣ ለቤተሰብም ሐቅ እንዳለ አስገነዘቧቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰልማን እውነት መናገራቸውን አጸደቁ። እንግዲህ ዒባዳ እንኳ ልክ ካለው፣ የደመወዝ ሥራ እንዴት ልክ አይኖረውም? እ.ኤ.አ. በ934 ያረፉት አቡ ዘይድ አልበልኺም ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት መጽሐፍ ሐዘንን፣ ፍርሃትንና ቁጣን ሕክምና እንደሚሹ ሕመሞች አድርገው መርምረዋል። ይህ ከሺህ ዓመት በላይ ነው።

ተወኩልም ቢሆን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። በሐሬ ወንዝ ሙዙን የሚያጠጣ ገበሬ ቦዩን ሳይጠርግ ውኃ አይጠብቅም፤ ጠርጎ ግን ፍሬውን ከአላህ ይጠብቃል። ሕክምናም ቦይ መጥረግ ነው።

«ባለሙያው ዲናችንን ባያውቅስ?» የሚሉ አሉ። ተገቢ ስጋት ነው። ምስጢር ጠባቂና ታማኝ ሰው ይመረጥ፤ ከዲን የሚጋጭ ምክር ቢመጣ መተው ይቻላል።

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው፦ ሰውዬው ታክሞ ወደዚያው ሸክም ከተመለሰ ምን ይጠቅመዋል? እውነት ነው፤ ምክር ብቻውን ፍትሕን አይተካም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በእጃችሁ ሥር ያሉትን ከአቅማቸው በላይ አታሸክሙ፤ ካሸከማችሁም አግዟቸው የሚል ትርጉም ያለው ትእዛዝ ሰጥተዋል። ታዲያ አንዱን ኡስታዝ አስተማሪም፣ አስታራቂም፣ ጀናዛ አጣቢም፣ ገንዘብ ሰብሳቢም አድርገን «አላህ ይመንዳህ» ብቻ ብለን የምንሄድ ከዚህ ትእዛዝ ወዴት እናመልጣለን?

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና አካባቢው በወገኖቻቸው ላይ የደረሰውን ሰምተው በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሱ ወጣቶችን የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው፣ በፊታቸው ተንበርክከው መለሷቸው። በታመመ ልብ ላይ ዳኛ ሆነው አልቆሙም፤ ዝቅ ብለው ሸክሙን ተካፈሉ። ለደከመ ወንድማችን የምናንሰው በዚህ ነው።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፦ ልብ መዛሉ በራሱ የኢማን ጉድለት ማስረጃ አይደለም፤ ሕክምና መሻትም ሰበብን ማድረስ ነው። ጥፋት የሚሆነው የዛለውን እያየን ሸክም መጨመራችን ነው። አላህ ለታመሙት ሽፋን፣ ለእኛም እዝነትን ይስጠን። አሚን።