አንድ እሹሩሩ ለሁለት ጌቶች

በሴፕቴምበር 1733 በጀርመኗ ላይፕሲግ ከተማ፣ ዚመርማን በሚባል ሰው ቡና ቤት የአትክልት ሥፍራ፣ አሥራ አንድ ዓመት ለሞላው የሳክሶኒ ልዑል የልደት በዓል ሙዚቃ ተደረሰ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ የግሪኮቹ ጀግና የሄርኩለስ ነው። ወጣቱ መንታ መንገድ ላይ ቆሟል፤ ምግባር በአንድ ወገን፣ ተድላ በሌላው ወገን ሆነው ይጠሩታል። ተድላ ልታማልለው እሹሩሩ ትለዋለች፤ ተኝቶ ትግሉን እንዲረሳ ነው የምትሻው።

በዓመቱ፣ በ1734 የገና ማግሥት፣ ያችው ዜማ በዚያችው ከተማ ቤተ ክርስቲያን ተሰማች። አሁን የምታስተኛው ሕፃኑን ኢየሱስን ነው። የሁለቱም ደራሲ አንድ ሰው፣ ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ ነበር።

ለመሆኑ ይህ ይፈቀዳል? እኛ ዘንድ የዘፈንና የመዝሙር ድንበር የጠበቀ ነው። አንድ መዝሙር የታወቀ የዘፈን ዜማ ይዞ የመጣ እንደሆነ ሰሚው ይሳቀቃል፤ «ይቺን እኮ ሠርግ ቤት ጨፍረንባታል» ይላል። መሳቀቁ ከንቱ አይመስለኝም። ዜማ ትዝታ ይዞ ይዞራል።

ባኽ ግን እንደ ልቡ የሚኖር ሰው አልነበረም። ከአሥራ ስምንት ዓመቱ ጀምሮ የሰው ደሞዝተኛ ነው። በአርንሽታት የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ፣ በቫይማር የመስፍን ሎሌ ነበር፤ ከዚያ ልልቀቅ ብሎ ቢከለከል ግትር በማለቱ በ1717 አንድ ወር ያህል ታስሯል። ቀጥሎ በከተን የልዑል ሊዮፖልድ የሙዚቃ ጓድ መሪ ሆነ። የዚያ ቤተ መንግሥት እምነት ካልቪናዊ ስለነበር በአምልኮ ላይ ሰፊ ሙዚቃ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ በአብዛኛው ዓለማዊውን ጻፈ። በ1723 ላይፕሲግ ሲገባ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያኑም፣ ለተማሪ ቤቱም፣ ለከተማው ሹማምንትም፣ ኋላም ለቡና ቤቱ የሚሠራ ሰው ሆነ።

በ1730 ለአንድ የልጅነት ጓደኛው የጻፈው ደብዳቤ አለ። ገቢው 700 ታለር ያህል እንደሆነ፣ ቀብር ሲበዛ እንደሚጨምር፣ አየሩ ጤናማ ሲሆን ግን እንደሚቀንስ፣ ባለፈው ዓመትም በዚሁ ምክንያት ከ100 ታለር በላይ እንደቀረበት ይነግረዋል። ሰው አልሞተልኝም ብሎ ማማረር! ሲሰሙት ይቀፋል። ደብዳቤውን የጻፈው ግን ሞት በቤቱ የተመላለሰበት ሰው ነው፤ ከወለዳቸው ሃያ ልጆች ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱት አሥሩ ብቻ ናቸው። የተረፉትን ማብላት ነበረበት።

የልደት ሙዚቃ ደግሞ አንድ ቀን ተሰምቶ የሚቀር ነገር ነው። ገና ግን በየዓመቱ ይመጣል። ባኽ ድካሙ ሜዳ እንዳይቀር ዜማዋን ወደ ቤተ ክርስቲያን አሻገራት ቢባል እውነት ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ግን ጥያቄው አይነሣም ነበር፤ ቁጠባ ኃጢአትን አያነጻም።

እኔ እንዲህ አስባለሁ። እሹሩሩ በሁለቱም ቦታ የምታደርገው አንድ ነገር ነው፤ ተኛ ትላለች። ሄርኩለስ ቢተኛ ጥፋቱ በእንቅልፉ አይደለም፤ መምረጥ በሚገባው ሰዓት መተኛቱ ነው። ሕፃን ልጅ ግን መተኛት አለበት። ተድላ ዜማዋን አልፈጠረችውም፤ የእናቶችን ነገር ሰርቃ ነው የመጣችው። ባኽ ያደረገው የተሰረቀውን ለባለቤቱ መመለስ ነው ብል ብዙ የተሳሳትሁ አይመስለኝም። ደግሞም እንደነበረች አላሻገራትም፤ ከቀጭኑ የሶፕራኖ ድምፅ አውርዶ ለአልቶ ሰጣት፣ ፍሉትም አጀባት።

ይህን ብዬ እንዳላርፍ የሚያደርገኝ ሌላ ጉዳይ አለ። የከተኑ ልዑል ሊዮፖልድ በ1728 በ33 ዓመቱ ሞተ። ሙዚቃ የሚወድና የሚያውቅ ጌታ እንደነበር ባኽ በዚያው ደብዳቤ መስክሯል። በማርች 1729 ባኽ ከላይፕሲግ ሄዶ በቀብሩ ሥርዓት ላይ ሙዚቃ አሰማ። ብዙው በማቴዎስ ወንጌል መሠረት ስለ ክርስቶስ ሕማማት ከጻፈው የተወሰደ ነበር፤ ያ ሥራ መጀመሪያ የተሰማው በ1727 በስቅለት ዕለት እንደሆነ ይታመናል። እዚህ ላይ መንገዱ ተገልብጧል፤ ለአምላክ የተለቀሰው ለቀድሞ ጌታ ተለቀሰ። የእሹሩሩዋ መልስ ለዚህ አይሠራም። ባለውለታውን ሲቀብር ካለው ሁሉ የተሻለውን ያመጣ ሰው ይታየኛል፤ አንድ ቄስ ግን በዚያ ቢቆጣ አልፈርድበትም።

የዚያ ቀን ኖታ ጠፍቷል። ግጥሙ ብቻ ተርፎ፣ ሊቃውንቱ ቃሉን ከሕማማቱ ዜማ ጋር እያስተያዩ ነው የትኛው የት እንደገባ ያወቁት።