ኳሱን አቀብሉት

 

የዛሬው ማስታወሻችን የሚጀምረው ከኳስ ሜዳ ነው። ነገሌ ቦረና ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ፀሐይዋ በረድ ስትል ልጆች አቧራው ላይ ድንጋይ ለጎል አቁመው ይጫወታሉ። እኔም ከመስጂድ ስመለስ ቆም ብዬ ማየት እወዳለሁ።

ሁልጊዜ ከጎሉ ጀርባ የሚቆም አንድ ወጣት አለ። የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። በዕድሜ ከተጫዋቾቹ ይበልጣል። ሥራው ርቃ የሄደችውን ኳስ ሮጦ ማምጣት ነው። ያመጣል፣ ይወረውርላቸዋል፣ ተመልሶ ይቆማል።

አንድ ቀን ልጆቹ ወደ ሜዳ አስገቡት። ደስ አለኝ። ኳሷን እግሩ ሥር አደረጉለት። ተከላካዮቹ ሆን ብለው ወደቁ፣ በረኛው ወደ ሌላ ጎን ዘለለ፣ ጎል ሆነ። ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ሁለት ልጆች በስልክ ይቀርጹ ነበር። እሱም እጁን ወደ ላይ አንስቶ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወደ ጎሉ ጀርባ መለሱት።

ቤቴ ስደርስ ግን ያ ሳቅ ከበደኝ። እኛ ያስደሰትነው መስሎን ነበር። ለካ መጫወቻ አደረግነው እንጂ አላጫወትነውም። እኔ ደግሞ ለሰው የማስተምር ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን አንድ ቃል አልተናገርኩም። አላህ ይማረኝ።

እስቲ አንድ ጥያቄ አብረን እናንሳ። የሰው ልጅ ክብር ከየት ነው የሚመጣው?

ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ስንማር ሰው የሚያስብ እንስሳ ነው ተባልን። መድረሳ መንጢቅ ስንቀራም «ሐይዋኑን ናጢቅ» የሚለውን ያንኑ ትርጉም አገኘነው። ዐቅል ትልቅ ኒዕማ ነው፤ የተክሊፍም መሠረት ነው። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነስቶ አንድ መጥፎ ሐሳብ ሳናውቀው ልባችን ውስጥ ይገባል፦ የመረዳት አቅሙ ያነሰ ሰው ሰውነቱም ያነሰ ነው የሚል። ማንም በአፉ አይለውም። ስንስቅ ግን እያልነው ነው። «ጅል»፣ «ዘገምተኛ» እያልን ስንጠራም እያልነው ነው።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዐቅል የተጠያቂነት መስፈርት ነው እንጂ የክብር መስፈርት አይደለም። አላህ በሱረቱል ኢስራእ 70ኛው አንቀጽ ላይ ያከበረው የአደምን ልጆች ነው፤ ከመካከላቸው ብልሆቹን ብቻ አልመረጠም። ብዕር ከሦስት ሰዎች ላይ እንደተነሳ በሚነግረን ሐዲስ ውስጥ አንዱ ዐቅሉን ያጣ ሰው ነው። ብዕሩ ተነሳለት ማለት ወንጀል አይጻፍበትም ማለት ነው፤ ክብሩ ተነሳ ማለት አይደለም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ከመካከላቸው ሶላቱን የሚሰግድ፣ ረመዳንን የሚጾም፣ ሥራ የሚሠራ ብዙ ነው። ብዕር የተነሳለትን ሰው ግን አስቡት። በእሱ ላይ ምንም አይጻፍም፤ በእሱ ላይ የሳቅነው ሳቅ ግን በእኛ ላይ ይጻፋል። ታዲያ በሜዳው ላይ ይበልጥ የሚታዘንለት ማን ነበር?

አሁን ወደ መዲና እንሂድ። አነስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉትና ኢማም ሙስሊም እንደዘገቡት፣ አእምሮዋ ላይ ችግር ያለባት አንዲት ሴት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣችና ጉዳይ እንዳላት ነገረቻቸው። እርሳቸው የአገር መሪ ናቸው፤ ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ ናቸው። «ወደ ሌላ ሰው ሂጂ» ማለት ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን በእናትነት ማዕረግ ጠሯትና የፈለገችውን መንገድ እንድትመርጥ ነገሯት። ከዚያም ሰው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ጉዳይዋን እስክትጨርስ ድረስ አብረዋት ቆሙ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን እናስተውል። በማዕረግ ጠሯት። ምርጫውን ለእሷ ሰጧት። እስክትጨርስ ጠበቋት። ከንፈር መጠጣ የለም፣ ሳቅ የለም፣ ችኮላ የለም። የምንዛሬ ሰደቃ ሰጥተው አላሰናበቷትም፤ ጊዜያቸውን ሰጧት።

«ይህ ከኳስ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉኝ ይሆናል። ዲናችን ጨዋታን አይንቅም። በዒድ ቀን ሐበሾች በነቢዩ መስጂድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈቅደውላቸዋል፤ እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) እስኪበቃቸው ድረስ እንዲያዩ አድርገዋል። ሜዳ ደግሞ ልዩ ቦታ ነው። ክፍል ውስጥ ቶሎ ያልገባው ልጅ ኋላ ይቀራል። ወግ ላይ ቶሎ ያልመለሰ ሰው ይረሳል። ሜዳ ላይ ግን ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ኳስ ይመጣልሃል፣ አንተም ታቀብላለህ። በዚያች ቅጽበት ከቡድኑ አንዱ ነህ።

ይህን ቀድመው የተረዱ ሰዎች አሉ። አሜሪካዊቷ ዩኒስ ኬኔዲ ሽራይቨር ሮዝመሪ የምትባል የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባት እህት ነበረቻት። በ1968 (እ.ኤ.አ) በቺካጎ የመጀመሪያውን ስፔሻል ኦሊምፒክስ አካሄደች። እንቅስቃሴው አድጎ በ2019 የዓለም ውድድሩ በሙስሊሞች አገር በአቡ ዳቢ ተካሄደ፤ ከ7,000 በላይ ስፖርተኞች ተሳትፈውበታል። ከአሠራሩ ሁለት ነገር ወድጄለታለሁ። አንደኛ፣ ተወዳዳሪዎች አስቀድመው ተፈትነው አቅማቸው ከሚቀራረብ ጋር ይመደባሉ፤ ስለዚህ ማሸነፉም መሸነፉም የእውነት ነው፤ ማንም ሆን ብሎ አይወድቅላቸውም። ሁለተኛ፣ ውስንነት ያለባቸውና የሌለባቸው በአንድ ቡድን፣ በአንድ ማሊያ አብረው የሚጫወቱበት ዘርፍ አለ።

ተቃራኒውም ታይቷል። በ2000 የሲድኒ ፓራሊምፒክ በዚሁ ዘርፍ የቅርጫት ኳስ ወርቅ የወሰደው የስፔን ቡድን ከ12 ተጫዋቾቹ 10ሩ ምንም ውስንነት የሌለባቸው ሆነው ተገኙ። ሜዳልያው ተነጠቀ። ቅጣቱ ግን በአጭበርባሪዎቹ ላይ ብቻ አልቆመም፤ የእውነቶቹ ስፖርተኞችም ከፓራሊምፒክ ውጭ ሆነው እስከ 2012ቱ የለንደን ውድድር ድረስ ጠበቁ። ጤነኞች ዋሹ፣ ዋጋውን የከፈሉት ግን ደካሞቹ ናቸው። ዛሬ ለእነሱ የተለየ የ1500 ሜትር ሩጫ አለ። 1500 ሜትር ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን በደንብ የምናውቀው ርቀት ነው።

በአገራችንም ይህን ሸክም መጀመሪያ የተሸከሙት እናቶች ናቸው። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን እያሳደጉ በ2002 (እ.ኤ.አ) አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ኦቲዝምና የአእምሮ እድገት ውስንነት አንድ ባይሆኑም የእናቶቹ ጭንቀት አንድ ነው። በየከተማችን ሰው ይስቅበታል ብላ ልጇን ቤት የምትዘጋ እናት አለች። አንዳንዱ ሰው «የእርግማን ነው» ይላታል፣ ሌላው «ጂን ነው» ይላታል። ልጇ የተሳቀበት ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ሲዞር ደግሞ በሩን አጥብቃ ትዘጋለች። ላይክ ስትጫኑ፣ ሼር ስታደርጉ ያቺን እናት አስቧት። አላህ በሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ ላይ ሰዎች በሰዎች ላይ እንዳይሳለቁ ሲከለክል፣ የተሳለቁባቸው ሰዎች ከእነሱ የተሻሉ ሊሆኑ እንደሚችሉ አስታውሷል።

«ኡስታዝ፣ እሱ ከገባ ቡድናችን ይሸነፋል» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ልትሸነፉ ትችላላችሁ። ግን የሰፈር ጨዋታ ተሸንፎ የሞተ ሰው አላየሁም። ደግሞም ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ የምንረዳውና ሲሳይ የምናገኘው በደካሞቻችን ሰበብ እንደሆነ ተነግሮናል። እኛ የተሸከምናቸው ይመስለናል፤ ማን ማንን እንደተሸከመ የሚያውቀው አላህ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሜዳው ተመለስኩ። መጀመሪያ ልጆቹን ስለ ሳቄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከዚያ ወጣቱን በስሙ ጠርቼ «የት መጫወት ትፈልጋለህ?» አልኩት። ማንም ጠይቆት የሚያውቅ አይመስለኝም። ብዙ አሰበ። ጠበቅነው። በመጨረሻ በጣቱ ጎሉን አሳየን፤ በረኛ መሆን ነው የፈለገው። ለካ ከጎሉ ጀርባ ሲቆም የኖረው ቦታውን እያየ ነው። ሦስት ጎል ገባበት፣ አንድ ኳስ አዳነ። ሦስተኛው ሲገባበት አንድ ተከላካይ «ውጣ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?» ብሎ ጮኸበት። ልቆጣው ብዬ ተውኩት። ሌላውንም በረኛ እንደዚሁ ነው የሚጮኹበት። ያን ቀን እንደ ተጫዋች ተቆጡት፤ ማንም አልሳቀበትም።

የዚህ ጁምዓ አደራዬ ይህ ነው። በሰፈራችሁ ከመስመር ውጭ የቆመ ሰው ፈልጉ። በስሙ ጥሩት። የት መጫወት እንደሚፈልግ ጠይቁት። መልሱን ጠብቁ። ሆን ብላችሁ አትውደቁለት፣ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ፣ ኳሱን አቀብሉት። እህቶቼም ቤት ለተዘጋባት ልጅ በራቸውን አንኳኩ፤ ገመድ ዝላይም ቢሆን ጨዋታ ነው።

አላህ ሆይ፣ አንተ ያከበርከውን ከሚንቁ አታድርገን። በሳቅንባቸው ሁሉ ይቅር በለን። ለእናቶቻቸው ሶብር ስጣቸው፣ እኛንም አጋዥ አድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።