ነግሮ መገላገል ይቻላልን?



አንድ ሰው ሌሎች የማያውቁትን አደጋ ቢያውቅ፣ አውቆም ቢናገር፣ ሰሚ ግን ቢያጣ፣ ከዚያ ወዲያ ከኃላፊነት ነጻ ይሆናልን? ብዙዎቻችን ይህን ጥያቄ «እኔ ነግሬአለሁ፤ ከእንግዲህ የእነርሱ ጉዳይ ነው» እያልን አልፈነዋል። የአንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት የሥራ ታሪክ ግን እንደ ገና እንድናስብበት አስገድዶናል።

መምህርቷ አን ዊስተን ስፐርን ይባላሉ። ሙያቸው የመልክዓ ምድር ንድፍ ነው፤ ይኸውም ቤቱ፣ መንገዱና የአትክልቱ ስፍራ ከመሬቱ አቀማመጥና ከውኃው አካሄድ ጋር እንዲስማማ አድርጎ ማቀድ ማለት ነው። ትምህርቱን የቀሰሙት በአሜሪካ፣ በፊላደልፊያ ከተማ፣ በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ከኢያን ማክሃርግ ዘንድ ነበር። ማክሃርግ በ1969 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንሰጣለን) ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሰው ከመገንባቱ በፊት መሬቱን ማጥናት እንዳለበት ያስተማሩ ሰው ናቸው።

ስፐርን ተማሪ ሳሉ አንድ ቀን ወደ ገበያ ሲሄዱ መንገዱ ተደርምሶ አገኙት። ቁልቁል ቢመለከቱ ከአስፋልቱ በታች ቡናማ ውኃ እየተጣደፈ ይፈስሳል። ይህ ሚል ክሪክ የተባለው ወንዝ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከተማው ወንዙን ስፋቱ 6 ሜትር ያህል በሆነ ቱቦ ውስጥ አስገብቶ፣ ሸለቆውን በአመድና በአፈር ሞልቶ፣ በላዩ ላይ መንገድና ቤት ሠራበት። ወንዙ ግን መፍሰሱን አልተወም። ቱቦው የምዕራብ ፊላደልፊያን እኩሌታ ያህል የዝናብ ጎርፍና የቤት ፍሳሽ አንድ ላይ ይሸከማል። ከላይ በኩል ጣራና አስፋልት በበዛ ቁጥር፣ ወደ አፈር ይሰርግ የነበረው ዝናብ በአንድ ጊዜ ይወርድበታል። የተሞላው አፈር ይሰምጣል፤ ቱቦው ይሰነጠቃል፤ ቤቶች ይዘምማሉ። በ1961 ቱቦው ተደርምሶ ቤቶች ወድቀዋል፤ ሰዎችም ሞተዋል።

በዚያ የሚኖሩት አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ብዙዎቹም ድሆች ናቸው። ሰፈራቸውን «ታችኛው» ብለው ይጠሩታል፤ እውነትም ከላይ ያሉት ሁሉ ከደጃቸው የገፉት ውኃ የሚያልፈው በእነርሱ ሥር ነው። (እኛስ በክረምት ጎርፉን በዶማ ከበራችን ስንመልስ፣ ከታች ያለው ጎረቤት በር ላይ መድረሱን መቼ አሰብን?)

ስፐርን በ1986 በተማሩበት ዩኒቨርሲቲ መምህርት ሆነው ተመለሱ፤ ከ1987 ጀምሮም የምዕራብ ፊላደልፊያን መልክዓ ምድር ማጥናት ያዙ። የቆየውን ካርታ ከአዲሱ ጋር ቢያስተያዩት፣ ቤት ፈርሶ ባዶ ከቀረው ቦታ ብዙው ወንዙ በተቀበረበት መስመር ላይ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ባዶዎቹ ቦታዎች ዝናቡን ተቀብለው ቀስ በቀስ የሚያሰርጉ የአትክልት ስፍራዎች ቢሆኑ ቱቦውም ሸክሙ ይቀልለታል፣ ሰፈሩም ይለማል ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ባለሥልጣናቱ ግን አልሰሙም። እንዲያውም በ1990ዎቹ ዓመታት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነና ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዙ ቤተሰቦች በዚያው በተቀበረው ረባዳ ላይ አዲስ ቤት ተሠራ።

ጥያቄያችን የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ምሁሩ አጥንቷል፤ ጽፏል፤ ለሚመለከተው ክፍል አስታውቋል። ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል? ምሁር ገዥ አይደለም የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸውም ከንቱ አይደለም። ዐዋቂ ሁሉ ፈቃዱን በሕዝብ ላይ ይጫን ብንል ሌላ ጥፋት ይከተላልና። ነገር ግን የተናገርነው ለማን ነው? ቤቱ የሚሰምጥበት ሰው በማያገኘው ወረቀት ላይ የሰፈረ ማስጠንቀቂያ ለጸሐፊው እፎይታ ይሆናል እንጂ ነዋሪውን አይጠብቀውም።

ስፐርን የመረጡት መንገድ በሰፈሩ ትምህርት ቤት በኩል የሚያልፍ ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻቸው ከሰፈሩ ልጆች ጋር አብረው እንዲሠሩ አደረጉ። ልጆቹ በእግራቸው ሥር ወንዝ አለ መባሉን በመጀመሪያ ለማመን ተቸገሩ። ኋላ ግን የድሮ ካርታና ፎቶግራፍ ማንበብ፣ ውኃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ መለየት፣ ለባዶዎቹ ቦታዎችም የራሳቸውን ሐሳብ ማቅረብ ቻሉ። ሕፃናትን ማስተማር እንደ ትንሽ ሥራ በሚቆጠርበት ጊዜ የሚያዝኑ ካቴኪስቶቻችን ይህን ልብ እንዲሉልን እንወዳለን።

አንድ ነገር ግን አሁንም ያስቸግረናል። ለድሀ ቤቱ ያለ የሌለ ሀብቱ ነው። «ቤትህ በወንዝ ላይ ቆሟል» ብለን ስንነግረው ገዥ እናሳጣዋለን። መሰወሩ ደግሞ ከዚህ ይከፋል፤ ያልተነገረው ሰው ልጆቹን እዚያው ያስተኛልና። ስፐርን አደጋውን ባሳዩበት ጥናት የአትክልቱን ስፍራ አብረው ማቀዳቸው ለዚህ ይመስለናል ትክክል የሆነው።

ፊላደልፊያ ትላልቅ ቱቦዎችን ብቻ ከመቅበር ይልቅ ዝናቡን በአትክልት፣ በዛፍና ውኃ በሚያሳልፍ ንጣፍ ለመቀበል የ25 ዓመት ዕቅድ ያጸደቀችው በ2011 ነው። ጥናቱ ከተጀመረ 24 ዓመት መሆኑ ነው። በዚያ መካከል በረባዳው ላይ የተሠሩትን ቤቶች የገዙት ቤተሰቦች ግን ዕዳቸውን ሲከፍሉ ቆይተዋል።