ከእጃችን ከወጣ በኋላ የማን ነው?



ዛሬ ጁሙዓ ነው። ገላችንን ታጥበን፣ ንጹሕ ለብሰን፣ ሽቶ ተቀብተን ወደ መስጂድ እንሄዳለን። ሰላት አልቆ ስንወጣ ግን ከበሩ ውጭ ያለውን መንገድ እንየው። ውሃ የጠጣንበት ሃይላንድ፣ ሙዝ የያዝንበት ፌስታል፣ እጃችንን የጠረግንበት ሶፍት እዚያው ወድቋል። የጣልነው እኛው ነን፤ ቅድም ለአላህ ብለን የጸዳን ሰዎች።

ስለዚህ በዚህ ጁሙዓ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አብረን እናንሳ። አንድ ነገር ከእጃችን ሲወጣ ኃላፊነቱም አብሮ ይወጣል ወይ? ከዚህ ሌላ ጥያቄም ይከተላል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ቆሻሻውን ካላነሳ፣ ገንዳም ካላስቀመጠ እኛ ነጻ ነን ወይ?

ከዝቋላ እንጀምር። ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን የዝቋላ ተራራ ማለታችን አይደለም። ጽጽቃን ማዕከሉ ያደረገው፣ ወደ ተከዜ የሚያዘቀዝቀው የዋግ ኽምራው ዝቋላ ወረዳ ነው። በዚያ ቆላ ፍየል ትልቅ ሀብት ነው። ፍየል ተሽጦ ልጅ ደብተር ይገዛለታል፣ የታመመ ይታከምበታል፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት ደግሞ እህል ይሆናል።

ፍየል ያገኘውን ይቀምሳል። ጨው የነካው ወይም የምግብ ሽታ ያለበት ፌስታል ሲያገኝም ይውጠዋል። ፌስታል በእንስሳ ሆድ ውስጥ አይፈጭም፣ በቀላሉም አይወጣም። አንዱ በሌላው ላይ እየተጠመጠመ ይከማቻል። እንስሳው ሆዱ የሞላ ስለሚመስለው መብላት ይቀንሳል፣ መኖ እያለም ይከሳል። ባለቤቱ በሽታ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚታወቀው እንስሳው ታርዶ ወይም ሞቶ ሆዱ ሲከፈት ነው።

እስቲ አስቡት። ፌስታሉን የጣለው ሰው በገበያ ቀን ስኳር ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ነው። ክፉ አላሰበም። የፍየሏን ባለቤት አያውቃትም፣ እሷም አታውቀውም። ንፋስ ወሰደው፣ ጎርፍ አወረደው፣ ፍየል ዋጠው። በመጨረሻ አንዲት እናት ለልጇ ደብተር የምትገዛበትን አጣች። ከሳሽም ተከሳሽም የለም። ታዲያ ይህ ሐቅ የማን ዕዳ ነው?

መልሱን ከመፈለጋችን በፊት ለአያቶቻችን ፍትሐዊ እንሁን። እነሱም ይጥሉ ነበር። ነገር ግን የሚጥሉት አመድ፣ ልጣጭ፣ ገለባ፣ የተሰበረ ቅልና የተሰበረ እንስራ ነበር። ልጣጩን ከብት ይበላዋል፣ እበቱ ኩበት ይሆናል፣ አመዱ ጓሮ ይገባል፣ እንስራው ተመልሶ አፈር ይሆናል። መሬቷ የጣሉላትን ሁሉ ትበላው ነበር። ፌስታልና ሃይላንድ ግን መሬት የማትበላው ነገር ነው። እጃችን የለመደው አጣጣል የአያቶቻችን ነው፤ የምንጥለው ነገር ግን የእነሱ አይደለም። ብዙው ጥፋት የሚመጣው ከክፋት ሳይሆን ከዚህ ልማድ ነው።

ይሁን እንጂ ክፋት አለመኖሩ ብቻውን ከዕዳ ነጻ ያወጣል ወይ? እዚህ ላይ ዑለማዎቻችን የተናገሩት አለ። በአገራችን ደረሶች ሲቀሩት የኖሩት የኢማም አን-ነወዊ «ሚንሃጅ» ይህንኑ ያነሳል። ጥራጊ ወይም የሐብሐብ ልጣጭ መንገድ ላይ የጣለ ሰው፣ በዚያ ምክንያት ጉዳት ቢደርስ፣ ሚዛን በሚደፋው አቋም ተጠያቂ ነው የሚል ትርጉም ያለው ነገር በሻፊዒይ መዝሀብ ሰፍሯል። ልብ በሉ፤ የተነሳው የሐብሐብ ልጣጭ ነው። ሊቃውንቱ ሰውየው ሰው ለመጣል አስቦ ነበር ወይ ብለው ብቻ አላለፉም። መንገዱ የሁሉም ነው፤ በሁሉም መንገድ ላይ ያስቀመጥከው ነገር ያንተ ሆኖ ይቀጥላል።

ይህን የምንለው በፍየሏ ጉዳይ ፈትዋ ለመስጠት አይደለም፤ ፈትዋ የባለቤቶቹ ነው። አካሄዱን ለማሳየት ግን ይበቃል። ነገሩ ከእጅ መውጣቱ ኃላፊነቱን አይቆርጠውም። የዱንያ ዳኛ ማስረጃ አጥቶ ሊተወው ይችላል። አላህ ዘንድ ግን ያ ፌስታል ከየትኛው እጅ እንደወጣ የሚጠፋ ነገር አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ኢማን ብዙ ቅርንጫፎች እንዳሉት ነግረውናል፤ ዝቅተኛው ደግሞ ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማንሳት ነው። ማንሳቱ ከኢማን ከሆነ፣ ማስቀመጡ ከምን ሊሆን ነው?

የአገራችን ሕግም ወደዚሁ ይጠጋል። በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ለከተማ አስተዳደሮች ማስወገጃ ቦታ አዘጋጅቶ በአግባቡ የማስጠቀም ኃላፊነት ሰጠ። እዚያ ላይ ግን አላቆመም። የቤተሰብ ኃላፊ ተመልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ቆሻሻ ከሚወገደው እንዲለይ አዘዘ። በመንገድ፣ በውሃ መውረጃ፣ በአውቶቡስ ማቆሚያና በመሳሰሉት ቦታዎች መጣልን ከለከለ። ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው፤ የቆሻሻ ማስወገጃ ቦታ ባለቤት ቦታው በሰው ጤና፣ በንብረት ወይም በአካባቢ ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጥፋት ባይኖርበትም፣ ቦታው ከተዘጋ በኋላም ጭምር፣ ኃላፊ እንዲሆን ደነገገ። «አላሰብኩም» ማለት አይበቃም ማለት ነው። ከሐብሐብ ልጣጩ ጋር አንድ መንገድ ነው።

በ2017 ዓ.ም ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክልና ቅጣት የሚጥል አዲስ አዋጅ አጸደቀ። ከእስልምና ታሪክ ለሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለው ቁጥጥር እንግዳ አይደለም። በሙስሊም ከተሞች ሙሕተሲብ የሚባል ሹም ነበር። ሚዛን የሚያጭበረብረውን ነጋዴ እንደሚቆጣጠር ሁሉ፣ ከቤቱ ቆሻሻ ውሃ ወደ መንገድ የሚለቀውንም ያስቆመው ነበር። የመንገድ ንጽሕና ከሰው ሐቅ ተለይቶ አይታይም ነበር።

ሆኖም ሕግ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ አዲስ አበባ በከባድ ዋጋ አሳይታናለች። ከተማዋ ቆሻሻዋን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የጣለችው ሕዝቡ ቆሼ በሚለው ረጲ ላይ ነው። በ2008 ዓ.ም ሰንዳፋ አጠገብ አዲስ ማስወገጃ ተከፈተ። በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች ግን ጉዳት ደረሰብን ብለው ተቃወሙ፣ በወራት ውስጥ ሥራው ቆመ፣ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም፣ ቅዳሜ ምሽት፣ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወረደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕጻናት ነበሩ። አገሪቱ የሦስት ቀን ሐዘን አወጀች።

አዋጁ ያኔ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር። የተራራውን ቆሻሻ አንድ ሰው አልከመረውም። በየቤቱ «ተወገደ» የተባለ ነገር ነው አንድ ላይ የተከመረው። ቆሻሻውን የላከችው ከተማ ሁሉ ከደጇ አርቃዋለች፤ የራቀው ግን ወደ ሌሎች ደጅ ነው። የሰንዳፋ ገበሬም የቆሼ ነዋሪም «እዚያ» የምንለው ቦታ ሰዎች ናቸው። «እዚያ» የሚባል ባዶ ቦታ የለም።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ መርከብ ላይ ስለተሳፈሩ ሰዎች የነገሩንን ምሳሌ ታስታውሳላችሁ። ከፊሎቹ ላይ፣ ከፊሎቹ ታች ናቸው። የታችኞቹ ውሃ ለመቅዳት ላይኞቹን እያስቸገርን ከምንመላለስ በራሳችን በኩል እንብሳው አሉ። ላይኞቹ ዝም ካሏቸው ሁሉም ይሰጥማል፣ እጃቸውን ከያዟቸው ሁሉም ይድናል። ቡኻሪ የዘገቡት ነው። በቆሻሻ ነገር ቀዳዳው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከላይ ነው። ሰቆጣ ደጋ ላይ ናት፣ ዝቋላ ቆላ። ጎርፍ ሽቅብ አይሄድም። የዋግ ወንዞች ወደ ተከዜ ይወርዳሉ፤ በግድቡ ሐይቅ ዳር ደግሞ ዓሣ አስግረው የሚያድሩ ወጣቶች አሉ። ላይ ያለው ሰው የጣለውን ታች ያለው ይቀበላል። ከተማ የምትኖሩ፣ ገንዘብ ያላችሁ፣ ብዙ የምትገዙ ወጣቶች፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። «ገንዳ የለም፣ የማኅበሩ ልጆች ለሳምንታት አይመጡም፣ ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» የሚል ሰው ቅሬታው እውነት ነው። ነገር ግን ሁለት ግዴታዎችን አንቀላቅል። ፈርደል ዐይን እያንዳንዱ የሚጠየቅበት ነው። ፈርደል ኪፋያ ደግሞ የተወሰኑት ከሠሩት ከሌላው ላይ የሚወርድ፣ ማንም ካልሠራው ግን ሁሉም የሚወቀስበት ነው። የከተማን ቆሻሻ ሰብስቦ ማስወገድ ሁለተኛውን ይመስላል፤ እኛን ወክሎ እንዲሠራው አስተዳደሩን ሾመናል፣ ክፍያም እንከፍላለን። በገዛ እጄ ሰውን አለመጉዳት ግን የመጀመሪያው ነው፤ ለማንም አላስረከብኩትም። ማዘጋጃ ቤቱ የራሱን ሥራ ስለተወ የእኔ ሥራ ከእኔ ላይ አይነሳም። ጎረቤቴ ሰላት ስለተወ የእኔ ሰላት እንደማይነሳልኝ ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን ባለሥልጣኑን ዝም እንበለው ማለት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 አካባቢን የመጠበቅ ግዴታ የመንግሥትም የዜጎችም ነው ይላል፤ ሁለቱን በአንድ ላይ ጠርቷል። ስለዚህ ቀበሌ ሄዶ ገንዳው የት አለ፣ የተከፈለው ገንዘብ የት ገባ ብሎ በአደብ መጠየቅ በመልካም ማዘዝ ነው። ቅጣቱም ፍትሕ ይፈልጋል። ደንብ አስከባሪ ቲማቲም በፌስታል የምትሸጥን እናት ቀጥቶ ፌስታሉን የሚያመርተውንና የሚያከፋፍለውን ካለፈ፣ ያ ንጽሕና አይደለም፤ ዙልም ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከእኛ በፊት የነበሩ ሕዝቦች የጠፉት ደካማውን እየቀጡ ባለ ክብሩን እየተዉ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። አላህም ማንንም ከአቅሙ በላይ አያስገድድም። ለማኅበሩ የምትከፍለው የሌላት አሮጊት ከእኔና ከእናንተ እኩል አትጠየቅም። ጎረቤቷ ያለ ወጣት የእሷንም ጆንያ አብሮ ይውሰድላት።

አንዳንዱ ደግሞ «ዝቋላ በድርቅና በጦርነት የተጎዳ አገር ነው፤ ሰው ሲራብ ስለ ፌስታል ይወራል ወይ?» ይላል። ጥያቄው ከርኅራኄ የመጣ ነውና አንናቀው። መልሱ ግን በዚያው በፍየሏ ውስጥ አለ። ብዙ ያለው ሰው አንድ ፍየል ቢሞትበት ያዝናል። ድርቅ ሌላውን ወስዶበት አንድ የቀረችው ሰው ግን የቤቱን ተስፋ ያጣል። ችግር በበዛበት ቦታ ትንሹ ጉዳት ትልቅ ይሆናል። ለተራበ ሰው እህል መስጠት ኸይር ነው፤ የቀረችውን እንዳያጣ እጃችንን መሰብሰብም የዚያው ኸይር ክፍል ነው።

በመጨረሻም እኛ የጣልነውን የሚያነሱትን አንርሳ። ማለዳ ለፈጅር ስንነሳ መጥረጊያ ይዘው መንገድ ላይ ያሉት በአብዛኛው እናቶችና እህቶች ናቸው። በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን መስጂዳቸውን የምትጠርግ አንዲት ሴት ነበረች። ስትሞት ሰሓቦቹ ጉዳዩን ቀላል አድርገው ሳይነግሯቸው ቀበሯት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስታጣባቸው ጠየቁ፣ ለምን አልነገራችሁኝም አሉ፣ ቀብሯ ድረስ ሄደውም ሰገዱባት። ሰዎች ትንሽ ያሉትን ሥራ እሳቸው እንዲህ አከበሩት። እኛስ ለምትጠርገው እናት ሰላምታ እንሰጣለን ወይስ አፍንጫችንን ይዘን እናልፋለን? ከሰላምታው ይልቅ ግን የሚያሳርፋት የምታነሳውን መቀነስ ነው።

ለዚህ ሳምንት ከባድ ነገር አንጠይቃችሁም። ገበያ ስትሄዱ ዘንቢል ያዙ። ሃይላንዱን ለቆራሌው አስቀምጡ። ልጣጩን ከፕላስቲኩ ለዩት። ፕላስቲክን ደጅ ላይ አታቃጥሉ፤ ጭሱ የጎረቤት ሕጻን ደረት ውስጥ ይገባል። ከዛሬው ሰላት በኋላ ደግሞ ከመስጂዱ በር እስከ ዋናው መንገድ ያለውን አምስት ስድስት ሆናችሁ ልቀሙት። የለቀማችሁትንም የት እንደምታደርሱት አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከእኛ ደጅ አንስተን ሌላ ደጅ ከወረወርነው ምንም አልሠራንምና።

አላህ ሆይ! እጃችን ለፍጡራንህ ሰላም የሚሆን አድርገው። ሳናውቅ የጎዳናቸውን ሐቅ ይቅር በለን፤ ካወቅን በኋላ ከመጉዳት ጠብቀን። በቆሼ ላለቁት ቤተሰቦች መጽናናትን ስጥ። ለዝቋላና ለመላው ዋግ ዝናብንና ሰላምን አውርድ። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ።