ቦታን መልቀቅ

እ.ኤ.አ. በ2002 በኦስትሪያው የፎርሙላ ዋን ውድድር ሩቤንስ ባሪኬሎ ሲመራ ቆይቶ መድረሻው ላይ ሲቃረብ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ የፌራሪ ጓደኛው ማይክል ሹማከርም አልፎት አሸነፈ። ትእዛዙ የቡድኑ ነበር። ተመልካቹ በጩኸት ተቃወመ። ሹማከር (አፍሮ ይመስለኛል) በሽልማቱ መድረክ ላይ የአንደኛውን ስፍራ ለባሪኬሎ ለቀቀለት።

ወጣቶች ሆይ፣ "ለቡድን ሲባል ዝቅ ማለት ክርስቲያናዊ አይደለምን?" ትሉኝ ይሆናል። ነው። ግን ወደ 1956 ልውሰዳችሁ። በሞንዛ የፌራሪው የሁዋን ማኑዌል ፋንጂዮ መኪና ተበላሸች። የቡድን ጓደኛው ሉዊጂ ሙሶ የራሱን እንዲሰጠው ቢጠበቅም እምቢ አለ። የ24 ዓመቱ ፒተር ኮሊንስ ግን፣ ራሱ የዓለም ሻምፒዮን የመሆን ዕድል እያለው፣ ወርዶ መኪናውን ሰጠው፤ ደንቡ ያኔ ይፈቅድ ነበር። ፋንጂዮ ሻምፒዮን ሆነ። ኮሊንስ ያን ክብር ሳያገኝ በ1958 በውድድር ላይ ሞተ።

የሙሶ እምቢታ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ኮሊንስም እምቢ ማለት ይችል እንደነበር ያሳያልና። ዮናታንም መጎናጸፊያውን አውልቆ ለዳዊት ሲሰጥ አባቱ አላዘዘውም። ባሪኬሎን በመታዘዙ አልነቅፈውም፤ ስጦታው ግን የእርሱ አልሆነም።

እንግዲህ በኅብረታችሁ መሪዎች የሆናችሁ፣ አንዲቱን ዘማሪ "ለእገሊት ብለሽ ማይኩን ልቀቂ" ስትሏት እምቢ ብትላችሁ፣ በሚቀጥለው እሑድ ከመዘምራኑ ጋር ትቆማለች?