ከሱብሒ በኋላ ያለው ማዕድ

 

ስለ ሶላት፣ ስለ ዘካና ስለ ሐጅ ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ይጻፋል። እኔ ዛሬ የማነሳው ስለ ቁርስ ነው። «ዲን ከቁርስ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ወንድም ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም መተማ ላይ እስካፍር ድረስ እንደዚያው ነበርኩ።

መተማ ዮሐንስን የሚያውቅ ያውቃታል። ከድልድዩ ወዲያ ገላባት፣ ሱዳን ነው። የከተማዋ ስም ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከደርቡሾች ጋር ተዋግተው የወደቁበትን ጦርነት ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን ስፍራው የገበያና የሐጅ መንገድ ነበር። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ተነሥተው ወደ መካ ሲሄዱና ሲመለሱ እዚያው የቀሩ፣ ተክሩር የሚባሉ ሙስሊሞች መንደር መሥርተው ማሽላና ጥጥ ያመርቱበት ነበር። ዛሬ አገሩን የያዘው ሰሊጥ ነው። እኔም ለዓመታት የተመላለስኩት በዚሁ በሰሊጥ ምክንያት ነው።

በመተማ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጀማዓው ከመስጊድ ወጥቶ የሚያመራው በየመንገዱ ዳር ወደሚቀመጡት ሻይ ሻጮች ነው። ብርጭቆዋ ትንሽ ናት፤ ስኳሩ ግን ከታች ተኝቶ ይታያል። አንድ ጠዋት ከማንኪያው ላይ ዐይኔን ሳልነቅል ቆጠርኩ፤ ለአንድ ብርጭቆ አራት። እኔ ሁለት ብርጭቆ እጠጣ ነበር። ከሻይው ጋር ቦምቦሊኖን የሚመስል፣ በዘይት የተጠበሰ ለጊማት አለ። ዋናው ቁርስ በሱዳኖች ልማድ «ፉጡር» ይባላል፤ የሚበላውም ረፋድ ላይ፣ ወደ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ፉል በሰሊጥ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ካለም ዕንቁላል። እውነቱን ለመናገር ግሩም ማዕድ ነው። ችግሩ በዚያ ሰዓት የሚበላው ሁሉም ሰው አለመሆኑ ነው።

የሐምሌ ወር የአረም ጊዜ ነው። ከደጋው፣ ከበለሳና ከሌላውም አካባቢ ወጣቶች ለቀን ሥራ ወደ ቆላው ይወርዳሉ። እኔም ያን ዓመት ሃያ ያህል ሰው ይዤ ነበር። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምረው ይጎነበሳሉ። እኔ በድንኳኔ ፉሌን በዕንቁላል፣ ወተቴን በብርጭቆ እጨርሳለሁ። እነርሱ ሻይ በስኳር፣ ያደረ የማሽላ ቂጣ ከተረፈም እርሱን። ይህን በዐይኔ አይ ነበር፤ እንደ ጥፋት ግን አልቆጠርኩትም። የዘመኑ ደንብ ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ዕድሜው ከ18 የማይበልጥ ልጅ ከረድፉ መካከል ወደቀ። ወባ ነው ብዬ በትራክተር ጭኜ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ደሙ ተመረመረ፤ ወባ አልተገኘበትም። ጤና ባለሙያው ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት ምን በልቷል?» አለኝ። «ሻይ ጠጥቷል» አልኩ። «እርስዎስ?» አለኝ።

መልስ አልሰጠሁትም። ምን እላለሁ?

ወንድሞችና እህቶች! በዚያ መንገድ ስመለስ ከልቤ ያልወጣው አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ሐዲስ ነበር። ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በእጃችሁ ሥር ያሉት ወንድሞቻችሁ ናቸው ብለው፣ ከምትበሉት እንድናበላቸው፣ ከምንለብሰው እንድናለብሳቸው፣ ከአቅማቸው በላይ እንዳንጭንባቸው አዘዋል። ልብ በሉ፤ የታዘዝነው «የሚበቃቸውን ስጧቸው» ተብለን ብቻ አይደለም። ከራሳችን ማዕድ ነው የተባልነው። ይህን ሐዲስ በቃሌ አውቀው ነበር፤ ለሌላ ሰውም አስተምሬበታለሁ።

ነገሩ በረኃብ ብቻ አያበቃም። በመተማና በአካባቢው ቆላ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር አለ። ሜዳ ላይ የሚያድረው የቀን ሠራተኛ ለዝንቡ ቅርብ ነው። ተውሳኩ የገባበት ሰው ሁሉ አይታመምም፤ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰውነት ግን ቶሎ ይሸነፋል፤ በሽታውም ይበረታበታል። እንግዲህ የጠዋቷ ቂጣና ሻይ የት ድረስ እንደምታደርስ አስተውሉ።

ከዚያ በኋላ ስለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የጠዋት ማዕድ ያነበብኩትን ደግሜ አነበብኩ። ሰው በቁርስ ላይ ብዙ ወጪ ማውጣት አለበት የሚል ነገር አላገኘሁም፤ እንዲያውም ተቃራኒውን። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንዳወሩት፣ ጠዋት ወደ ቤት ገብተው የሚበላ ነገር መኖሩን ይጠይቃሉ፤ ከሌለ ያን ቀን ጾመኛ ነኝ ይላሉ። ለዒደል ፊጥር ወደ ሶላት ሳይወጡ በፊት ተምር በጎዶሎ ቁጥር ይበሉ ነበር። ከገብስ ዱቄት የሚሠራውን ተልቢና የተባለ ቀጭን ገንፎ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ለታመመና ለኀዘንተኛ ያዙ ነበር፤ የታማሚን ልብ እንደሚያሳርፍ ከነቢዩ ሰምተዋልና። ወተትን አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ-ነሕል ከጸጋዎቹ አንዱ አድርጎ ጠቅሶታል። ለሆድ ደግሞ የተሰጠው ልክ የታወቀ ነው፤ ሲሶው ለምግብ፣ ሲሶው ለመጠጥ፣ ሲሶው ለትንፋሽ። ገብስ፣ ተምር፣ ወተት። ከእነዚህ የትኛው ነው ለጎንደር ሰው እንግዳ የሆነው? ገንፎና ቂንጬ ከእናቶቻችን ቤት አልጠፋም። የመተማው አሲዳም ቢሆን ከማሽላ የተሠራ ገንፎ ነው።

ስለ ስኳር ጥቂት ልበል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ምግብና መጠጥ ላይ የምንጨምረው ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከመቶ 10 እጅ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በታች እንዲሆን መክሯል። 5 እጅ ማለት ለአንድ አዋቂ ወደ 25 ግራም፣ ማለትም ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። እኔ ከሱብሒ ወደ ቤቴ ሳልደርስ ስምንት ጨርሻለሁ። እንዲህ ያለ ሻይ ለጊዜው ያነቃል፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግን ሰውየው ይዝላል። ፉልና ገንፎ ቀስ ብለው ስለሚፈጩ ረድፉን ያስጨርሱታል።

ሌላም አለ። ሻይ ከምግቡ ጋር ወዲያው ሲጠጣ፣ ከባቄላና ከእህል የምናገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ይከለክላል። ሎሚ ግን ያግዛል። ስለዚህ ሎሚውን ፉሉ ላይ ጨምቆ ሻይውን ከአንድ ሰዓት በኋላ መጠጣት ይሻላል፤ ይልቁንም ለነፍሰ ጡር እህቶቻችን።

ሰሊጡንስ ምን እንበለው? ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት፣ አምስት እጅ ቢደረግ አንድ እጅ የሚጠጋው ፕሮቲን ነው። እኛ በኩንታል ጭነን ወደ ውጭ እንሰደዋለን። የሚያርመውና የሚያጭደው ሰው ግን በቂጣው ላይ አንድ ማንኪያ ዘይቱን አያይም። ይህን ስጽፍ ራሴንም እየወቀስኩ ነው።

ከልጁ መውደቅ በኋላ አንድ ኩንታል ባቄላ ገዛሁ። አብሳይዋ ማታ ዘፍዝፋ ሌሊቱን በፍም ላይ ታሳድረዋለች። 12 ሰዓት ሳይሆን ሁሉም ፉሉን በሰሊጥ ዘይትና በሎሚ በልቶ ይሰማራል፤ እኔም ከዚያው ትሪ። ጎረቤቶቼ አልወደዱልኝም። አንዱ፣ «ሠራተኛውን አስለመድክብን፤ ነገ ሁላችንንም ይጠይቀናል» አለኝ። ለመዋሸት አልፈልግም፤ ወጪው ተሰምቶኛል። አረሙ ግን በዚያ ዓመት ካሰብኩት ቀን ቀድሞ አለቀ። ባያልቅስ? ሐቅ እኮ ሐቅ ነው፤ ትርፍ ስላስገኘ አይደለም የሚከፈለው። ይህንኑ ለጎረቤቴ ነግሬዋለሁ፤ አልተቀበለኝም። እስከ ዛሬ ሰላምታችን ቀዝቃዛ ነው፤ አላህ ያስታርቀን።

በአዲስ አበባና በጎንደር ከተማ የምትኖሩ አንባቢያን ይህ የቆላ ወሬ ነው እንዳትሉ። ብስኩትና ስኳር የበዛበት ሻይ ሰጥተን ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ቁርኣን ቤት የምንልካቸው ልጆች ቤታችን ውስጥ አሉ። ኡስታዙ ፊት ሲያንቀላፋ የሚገረፈውን ልጅ አንድ ጊዜ ምን እንደበላ ጠይቁት። እኛ ቁርስ ላይ ስንቀመጥ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ የምታፈላው የቤት ሠራተኛም አለች፤ እርሷ ምን እንደምትበላ የምናውቅ ስንቶቻችን ነን?

በቆላው መሬት ኖሯችሁ እዚህ ተቀምጣችሁ የምታሠሩ ወንድሞችም አላችሁ። ዋጋውን፣ ዝናቡንና የጆንያውን ቁጥር በስልክ ስትጠይቁ ሰምቻለሁ። በሚቀጥለው ስትደውሉ ካቦውን፣ «ዛሬ ሰዎቹ ሥራ ሳይገቡ ምን በሉ?» በሉት። መጀመሪያ ዝም ይላል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለምዶ አያውቅምና። እስኪመልስ ድረስ ስልኩን አትዝጉት።